ለሐር ገበሬ የሚበጀው የቱ ነው? ነጻ እንቁላል ወይስ አስተማማኝ ገዢ?

መንግሥት የሐር ልማትን ሲደግፍ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ማደል ነው። የሐር ትል እንቁላል፣ ትሉ ቅጠሉን የሚመገበው የመልበሪ ችግኝ፣ የማርቢያ መደርደሪያ። እንቁላሉ ከተመረመረ ጥሩ ነው። ፔብሪን የሚባለው በሽታ ከእናቲቱ ወደ እንቁላል ይተላለፋል፤ ገበሬው በዓይኑ አይለየውም።

ሌላው መንገድ ገበያውን መያዝ ነው፦ ማድረቂያ፣ ክር መፍተያ፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ትሉ በአንድ ወር ገደማ አድጎ ኮኮኑን፣ ማለትም ክሩ የሚገኝበትን የሐር ሽፋን፣ በራሱ ዙሪያ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ፋታ የለም። በ2 ሳምንት ገደማ ውስጥ ካልደረቀ ትሉ ውስጡ ወደ እሳት እራት ተለውጦ በስቶት ይወጣል፤ ከ600 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው ክርም ይበጣጠሳል። ማድረቂያ የሌለው ገበሬ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፤ ምን ምርጫ አለው?

በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ማድረቂያው ይቅደም። ገዢ ካለ ችግኙን ገበሬው ራሱ ፈልጎ ይተክላል። የእንቁላል ምርመራው ግን ከመንግሥት እጅ አይውጣ።