ስለ ጓደኝነት የሚተርኩ አምስት ግራፊክ ኖቭሎች፦ የትኛው ለየትኛው ልጅ?

አራት ኪሎም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለልጅዎ ግራፊክ ኖቭል (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ መጽሐፍ) ሲመርጡ ሽፋኑ ላይ ያለውን የሽልማት ማኅተም አይተው ብቻ አይወስኑ። የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውቤሪ ሜዳሊያን፣ ማለትም ታዋቂውን የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት፣ ያገኘ የመጀመሪያው ግራፊክ ኖቭል ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ከአምስቱ ከባዱ እሱ ነው። ጆርዳን የተባለ ጥቁር ልጅ አብዛኛው ተማሪ ነጭ የሆነበት የሀብታሞች ትምህርት ቤት ይገባል። ቀልዱ ያለው መምህራን ጥቁር ተማሪዎችን በሌላ ስም ሲጠሩ፣ ልጆቹም እርስ በርስ ሲተያዩ ነው፤ የምዕራፎቹ ርእሶች ሳይቀሩ የአሜሪካ ፊልሞችን ያሾፋሉ። ለ12 ወይም ለ13 ዓመት ልጅ ይጥማል፤ የ9 ዓመቱ ግን ሳቁ ያመልጠዋል።

«ስማይል» እና «ሮለር ገርል» ቢነጻጸሩ ደግ ነው፤ ሁለቱም ልጃገረዶች ከቆየ ጓደኝነት የሚወጡበትን መንገድ ይተርካሉ። በሬይና ቴልጌማየር «ስማይል» (2010) ስድስተኛ ክፍል ያለች ልጅ ወድቃ የፊት ጥርሶቿ ይጎዳሉ። ሕክምናው ዓመታት ይፈጃል፤ የሚያሾፉባት ደግሞ ጓደኞቿ ናቸው። ንግግሩ አጫጭር ስለሆነ ማንበብ የሚሰለቸው ልጅ እንኳ ይጨርሰዋል። የሚያደናቅፈው የጥርስ ሐኪም ቃላቱ ነው። በቪክቶሪያ ጄሚሰን «ሮለር ገርል» (2015) ግን ከሁለቱ ጓደኛሞች ክፉ የሚባል የለም፤ አስትሪድ ጎማ ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጋፉበትን ስፖርት ትወዳለች፣ ኒኮል ደግሞ ባሌትን። አስትሪድ መንገዳቸው መለያየቱን ለእናቷ መናገር ከብዷት ትዋሻለች። ጓደኛ ሳይጣሉም ሊርቅ እንደሚችል በማሳየት ከ«ስማይል» ይበልጣል እንላለን።

የሲሲ ቤል «ኤል ደፎ» (2014) ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጅ ይስማማል። ሰዎቹ በጥንቸል ተመስለዋል፤ ባለታሪኳ በልጅነቷ ታማ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርት ቤት የምትይዘው የመስሚያ መሣሪያ መምህሯ ከክፍል ወጥታም የምታሰማውን ድምፅ ያመጣላታል። ባትሪው ሲደክም በንግግር ክቡ ውስጥ ያሉት ፊደላት እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ጨርሶ ሳትሰማ ክቡ ባዶ ይቀራል። ልጁ አለመስማትን በዓይኑ ያየዋል።

እንግዲህ ፎቶኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ሲያገኙ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። በጥቁርና ነጭ ኮፒ የደበዘዘው ፊደል የኅትመት ጉድለት ይመስላል። «ኒው ኪድ» ውስጥም ጆርዳን ራሱ የሚሥላቸው ገጾች ሆን ተብለው ቀለም የላቸውም፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ከሆነ ልዩነቱ ይጠፋል። አሮጌ ከሆነ መሐሉን ከፍተው ማጣበቂያው መልቀቁን ይዩ፣ የገጽ ቁጥሩንም ይከታተሉ፤ በሥዕል ታሪክ አንድ ቅጠል ከጎደለ አንድ ሙሉ ትዕይንት ሊጎድል ይችላል።

አምስተኛው ጄሚሰን ከኦማር መሐመድ ጋር የጻፈችው «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» (2020) ነው። ኦማር ከሶማሊያ ሸሽቶ በኬንያ ዳዳብ መጠለያ ያደገበትን የራሱን ሕይወት ይተርካል። ታናሽ ወንድሙ ሐሰን አንዲት ቃል ብቻ ይናገራል፣ በሽታውም ድንገት ይጥለዋል፤ ኦማር ትምህርት ቤት ቢገባ ማን ይጠብቀው? የውኃ ወረፋውን፣ ኢዱን፣ የጎረቤት እናትነቱን ለእኛ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ብቻ የሚገዛ ይህን ቢገዛ እንመርጣለን። ግን የአባት መገደልና ያለዕድሜ ጋብቻ ስላለበት ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይስጡ፤ ወላጅ ቀድሞ ቢያነበው ጥሩ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ልጁ ሁለት ገጽ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው «ማን ተናደደ? በምን አወቅህ?» ይበሉት። ፊደሉን ብቻ እየለቀመ ሥዕሉን የሚዘል ልጅ መልስ ያጣል፤ ያኔ ከ«ኤል ደፎ» ይጀምር። «ስማይል»ን የወደደች «ሲስተርስ» እና «ገትስ» አሉላት፣ «ኒው ኪድ»ም ተከታይ አለው። «ኤል ደፎ» እና የኦማር ታሪክ ግን በአንድ ጥራዝ ያልቃሉ፤ ቀጣዩን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር የለም።