አምላክ ታመመ ወይ? ንስጥሮስ ወይስ ቄርሎስ

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ጓደኛዬ "አምላክ ከታመመ፣ ማለቴ መስቀል ላይ መከራ ከተቀበለ፣ ምኑን አምላክ ሆነ?" አለኝና የአምስተኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ጳጳሳት፣ የቁስጥንጥንያው ንስጥሮስና የእስክንድርያው ቄርሎስ፣ ያሉትን አወዳደርኩለት።

ንስጥሮስ፦ የታመመው የክርስቶስ ሰውነቱ ነው፣ ቃል (አምላክ የሆነው ወልድ) አይነካም። ለሎጂክ ቀላል ነው። ሪስኩ ክርስቶስን ለሁለት መክፈሉ፣ በ431 እ.ኤ.አ በኤፌሶን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ የተወገዘውም በዚሁ ጣጣ ነው።

ቄርሎስ፦ ራሱ ቃል በሥጋው ታመመ፣ መለኮቱን ግን ሕማም አልነካውም። እውነት ለመናገር ጭንቅላት ያዞራል፣ ግን ምሳሌው አሪፍ ነው፣ በእሳት የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ ብረቱ ይጎዳል እሳቱ ምንም አይሆንም (ምናለሽ ተራ ሄደህ ብረት ቀጥቃጮቹን እያቸው)።

ለክርክር ብቻ ከሆነ የንስጥሮስ ይቀልሃል። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን የቄርሎስ ነው የሚሆነው፣ ቢያንስ "እሱም ቀምሶታል" ትለዋለህ። ጓደኛዬ ዝም አለ፣ ማኪያቶውም ቀዘቀዘበት።