ዲያኒና ሺምባ ሂልስ፦ የጀርባ ቦርሳ ለያዙ ጓደኛሞች ባሕሩና ጫካው

ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ የጀርባ ቦርሳ አዝሎ ከጓደኞቹ ጋር ለመውረድ የሚያቅድ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ለባሕሩ ዲያኒ፣ ለዱር እንስሳቱ ደግሞ ከዲያኒ ወደ ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስድ የጉብኝት መኪና። የመጀመሪያው ምክር ትክክል ነው። ሁለተኛውን ግን ኪሱ ውስን ለሆነ የጓደኛሞች ቡድን አልመክርም፤ ምክንያቱም ከዲያኒ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ፣ በኩዋሌ ከተማ አጠገብ፣ ሺምባ ሂልስ የተባለ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ እያለ አብዛኛው ጎብኚ ሳያየው ይመለሳል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማደሪያውና ስለ ባሕሩ የምለው ቢኖረኝም፣ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጫካ ነው።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የተጓዝነው እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎት በጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ ባቡር ነው። ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ስድስት ሰዓት ባልሞላ ወይም ጥቂት ባለፈ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ የተራው ማዕረግ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ 1,500 የኬንያ ሽልንግ ሲሆን፣ ወንበሮቹ ፊት ለፊት የተያዩ በመሆናቸው ለጓደኛሞች ከአንደኛው ማዕረግ ይልቅ ይመቻሉ። ከባቡሮቹ መካከል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ የሚነሣውን፣ በየመካከሉ ጣቢያ የሚቆመውን መምረጥ ይሻላል፤ ጻቮን በብርሃን ያቋርጣልና። ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ በአካባቢው ቀይ አፈር ተለውሰው ቀይ የሚመስሉትን የጻቮ ዝሆኖች ዕድል የቀናው ተጓዥ ከመስኮት ያያቸዋል፤ ለእነርሱም ከሐዲዱ ሥር መሹለኪያ ተሠርቶላቸዋል። የጻቮን የጉብኝት መኪና አልመክርም ያልሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቢያንስ የሜዳውን ስፋትና መልክ በባቡር ቲኬት ዋጋ ማየት ይቻላል። ጣቢያው ላይ ጓዝን በመስመር ደርድሮ የፍተሻ ውሾች እስኪያሸቱት መጠበቅ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

የቲኬቱም ሆነ የሌላው አገልግሎት ክፍያ በአመዛኙ በኤም-ፔሳ ነው። አገልግሎቱ በ2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስለ ገባ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያው ሒሳብ ግን የሚንቀሳቀሰው በብር ነው። ስለዚህ ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰው ናይሮቢ እንደ ደረሰ በፓስፖርቱ የኬንያ ስልክ መስመር አውጥቶ ኤም-ፔሳ ቢያስከፍት፣ የጋራው ወጪ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ሒሳብ መተሳሰቡም ይቀላል።

የሞምባሳው ባቡር ጣቢያ ከከተማው ራቅ ያለ በመሆኑ ወደ መሃል ማታቱ በሚባለው የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ መግባት፣ ከዚያም በሊኮኒ የጀልባ መሻገሪያ ወደ ደቡብ መዝለቅ ያስፈልጋል። ጀልባው እግረኛን በነፃ ያሻግራል። ሕዝቡ ብዙ ስለ ሆነ ቦርሳን ወደ ደረት አዙሮ መያዝ ተገቢ ነው። ከማዶ ወደ ዲያኒ አጎራባች ከተማ ኡኩንዳ የሚሄዱ ማታቱዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ከኡኩንዳ ባሕሩ ዳር ደግሞ ባጃጅ ያደርሳል።

ያረፍነው ስሙን በማልጠቅሰው፣ በጋራ ክፍል አልጋ በሚያከራይ አንድ ሆስቴል ነበር። የአልጋዎቹ አጎበሮች ያልተቀደዱ፣ የጋራው ወጥ ቤት ንጹሕ፣ ግቢው በትልልቅ ዛፎች የተጠለለ ነው። ይሁን እንጂ የመታጠቢያው ውኃ ጨዋማ ነው፤ መብራት ሲጠፋም የጣሪያው ማራገቢያ ስለሚቆም ሌሊቱ ይከብዳል። ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ መናገር ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ርካሽ ዋጋ መክፈል የሚገባንን መረጃ አያስቀርብንምና። አካባቢው ወባማ ስለ ሆነ ከመነሣት በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ማማከር የማይታለፍ ጉዳይ ነው።

በግቢው ዛፎች ላይ የሚመላለሱት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ክፍት መስኮት ካገኙ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ። የአንጎላ ጉሬዛ የሚባለው ዝርያ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ እንደ እኛ አገሩ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ጸጉር ያለው፣ በአብዛኛው ቅጠል በል፣ ከሰው ምግብ ጋር ጉዳይ የሌለው እንስሳ ነው። በመኪና እየተገጨ ይሞት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ኮሎበስ ኮንሰርቬሽን የተባለ ድርጅት በዲያኒ መንገድ ላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግሩ የገመድ ድልድዮች ዘርግቶለታል። ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ጉሬዛዎቹ በድልድዩ ሲያልፉ የማየት ዕድል አለው፤ ድርጅቱም ለጎብኚ ማብራሪያ ይሰጣል።

የባሕር ዳርቻው በእርግጥ ውብ ነው። አሸዋው ነጭና ደቃቅ ሲሆን፣ ከዳርቻው ፈቀቅ ብሎ ያለው የኮራል አለት ትልቁን ማዕበል ስለሚሰብር፣ እንደ ብዙዎቻችን ደጋ አድጎ ዋና እምብዛም ለማይችል ሰው ውኃው አያስፈራም። ሆኖም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ሲሸሽ እስከ አለቱ ድረስ በእግር መሄድ ሲቻል፣ ሲሞላ ደግሞ በየሆቴሉ ግንብ ሥር ያለው መተላለፊያ በውኃ ይሸፈናል። የሚሞላበትን ሰዓት ሳይጠይቁ ርቆ መሄድ አደገኛ ነው፤ በአለቱ መካከል እሾሃማ የባሕር እንስሳት ስላሉም ጫማ ያስፈልጋል። በአሸዋው ላይ ጉብኝት የሚሸጡ ደላሎች አይለቁም። በትሕትና አንድ ጊዜ እምቢ ብሎ መንገድ መቀጠል ይበቃል፤ ቅድሚያ ክፍያ ግን ለማንም በመንገድ ላይ መስጠት አይገባም።

ወደ ሺምባ ሂልስ የሄድነው ኡኩንዳ ላይ ከነሾፌሩ የተከራየነውን መኪና ወጪ ተካፍለን ነው፤ ጓደኛ መብዛቱ በገንዘብ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ለብቻው የሚሄድ ሰው ዋጋው ይከብደዋል፤ አምስት ስድስት ሆኖ ለሚሄድ ግን የጻቮ ጉብኝት ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው። የመግቢያው ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ስለማይፈጸም፣ በመንግሥት የክፍያ ድረ ገጽ በኩል አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ ለአባል አገሮች ዜጎች የተወሰነው ቅናሽ እኛን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ በኬንያ ፓርኮች ስለ ተከለከለ፣ ውኃ በኮዳ መያዝ ግድ ነው።

ጥብቅ ሥፍራው 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር በሚበልጡ ኮረብቶች ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከዳርቻው ይቀዘቅዛል፤ ማለዳም ጭጋግ ይለብሳል። ኬንያ ውስጥ ሴብል የተባለው የአጋዘን ወገን በተፈጥሮ የቀረው እዚህ ብቻ ነው። ወንዱ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ቀንዶቹ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የታጠፉ ናቸው፤ ከሣሩ መካከል ቆሞ ሲያዩት ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። ለእርሱ ሲባል ጥብቅ ሥፍራው እንደ ተከፈተ በማለዳ መግባትና ሣራማ ሜዳዎቹን ቀስ ብሎ መዞር ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ወደ ጥላ ይገባልና።

ቀጥሎ የታጠቀ ጠባቂ ተመድቦልን ወደ ሼልድሪክ ፏፏቴ በእግር ወረድን። ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል የሚወርደው ውኃ ከሥሩ ኩሬ ስለሚሠራ መዋኘት ይቻላል፤ መልሱ ዳገት በመሆኑ ግን ከባድ ቦርሳ መኪናው ውስጥ መተው አለበት። ከኮረብቶቹ ጫፍ የሕንድ ውቅያኖስ ከሩቅ ይታያል። ጠባቂው ስለ ዝሆኖቹ የሰጠን ማብራሪያ ከጉብኝቱ ሁሉ ይበልጥ ጠቅሞኛል። ጫካው ለቁጥራቸው ጠቦ ከገበሬዎች ጋር ይጋጩ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ጻቮ ተወስደዋል፤ አጎራባች ባለ ይዞታዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መሬታቸውን አዋጥተው ምዋሉጋንጄ የተባለ የዝሆን መጠለያ መሥርተዋል፤ ከጎብኚ ገቢም ይካፈላሉ። አንበሳ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን እዚህ አይምጣ፤ የሺምባ ዝሆንም ቢሆን ጫካው ስለሚሸሽገው ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስለ ምግብ ለጾመኛ የሚሆን መልካም ዜና አለ። በኡኩንዳ ትንንሽ ምግብ ቤቶች በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር፣ ባቄላ መሳይ አደንጓሬና በኮኮናት የበሰለ ሩዝ በርካሽ ይገኛል፤ ቂጣውና ጥብሱ ብስኩት ቅቤ ወይም ወተት እንዳለው መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ስለሚበረታ የፋሲካን ዕረፍት ለዚህ ጉዞ መምረጥ አያዋጣም፤ የጥብቅ ሥፍራው መንገድም በጭቃ ይያዛል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሕሩ የተረጋጋ ቢሆንም ሙቀቱና የማደሪያ ዋጋው ከፍ ይላል። የእኛ ክረምት በሚጠነክርባቸው ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በዚያ አየሩ ለስለስ ያለ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ለጫካው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ጊዜ ይመስለኛል። የመመለሻውን ባቡር ቲኬት ከመሄጃው ጋር አብሮ መግዛት ያስፈልጋል፤ በተለይ የእሑድ ባቡር ቀድሞ ይሞላል።