አበቦቼን ከዴንቨር ብርድ ላተረፉልኝ አትክልተኛ የቀረበ ምስጋና

በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራና በዴንቨር አካባቢ ለምትኖሩ፣ በተለይም በደጃችሁ ጥቂትም ብትሆን የአበባ መደብ ላላችሁ ወገኖች ይህን የምጽፈው፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት የአበቦቼን ነገር የተረከቡልኝን አንድ አረጋዊ አትክልተኛ በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

በዲሴምበር 21 ቀን 2022 በዴንቨር አየር ማረፊያ የአየሩ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ወደ 5 ዲግሪ ፋራናይት እንደ ወረደና በማግስቱም ከዜሮ በታች 24 እንደ ደረሰ የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ፤ በሴልሲየስ ከዜሮ በታች 31 መሆኑ ነው። ሜይ ሲገባ ከላቬንደሮቼና ከሦስቱ ጽጌረዳዎቼ አንዱም አላቆጠቆጠም፤ እኔም ጥፋቱን ሁሉ በዚያች ሌሊት ላይ ጣልሁና አዲስ ገዝቼ ተከልሁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ቀጠርሁ፤ ሠራተኞቹ ተክሉን ሁሉ ከመሬት እኩል አጭደው፣ በላዩ ወፍራም የአፈር መሸፈኛ ጉዝጓዝ ከምረው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ዊንተሩ እንደ በፊተኛው የከፋ ባይሆንም የሞተብኝ አበባ ግን በዛ።

ጋሼ ቤቴ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በ2024 ሜይ ነው። ገና እንደ ደረሱ አንዱን የሞተ ላቬንደር ነቅለው ሥሩን በጣቶቻቸው ሲያሹት እንደ ደረቅ ጭራሮ ተፈረካከሰ። «በዊንተር ስንት ጊዜ አጠጣሽ?» ብለው ጠየቁኝ። በክረምት ደግሞ ማን ውኃ ያጠጣል ብዬ ስመልስላቸው፣ «ልጄ፣ ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል፤ ክረምት ስትዪው ዝናብ ያለ ይመስልሻል፤ ይኼ እኮ በጋ ነው፣ የሚቀዘቅዝ በጋ» አሉኝ።

ነገሩን ሳስበው እውነታቸውን ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ምድሩ ውኃ የሚጠግብበት ወቅት ሲሆን፣ የዴንቨር ዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ግን ከዓመቱ ወራት ሁሉ ደረቆቹ ናቸው፤ የዓመቱ ዝናብና በረዶ ተደምሮ እንኳ 14 ኢንች ያህል ብቻ ስለሆነ የአዲስ አበባን ሲሶ አይሞላም። በረዶው በሁለት ቀን ሲቀልጥ እርጥበት የተረፈ ይመስለናል እንጂ፣ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ የሚወርደው ፀሐይና ከተራሮቹ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ አብዛኛውን ወደ ሥር ሳይደርስ ያነሡታል። እንደ ላቬንደር ያለ ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ደግሞ በላይ በኩል እርጥበቱን ሲነጠቅ ሥሩ ከደረቀ ወይም ከቀዘቀዘ አፈር የሚተካውን ውኃ ስለማያገኝ፣ ብርዱ ካልገደለው ጥሙ ይገድለዋል።

ስለዚህ ጋሼ የሳር ማጠጫው መስመር በመኸር ከተዘጋበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ማርች መጨረሻ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየመጡ በጎማ ያጠጡልኛል። ይህን የሚያደርጉት ለሳምንታት በረዶ ሳይጥል ሲቀር ብቻ ነው፤ ያውም አየሩ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነበትና አፈሩ ባልጠጠረበት ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ውኃው ማታ ከመቀዝቀዙ በፊት ወደ ታች እንዲሰርግ ቀስ እያደረጉ። በዚያ ዓመት የተተከሉትንና በደቡብና በምዕራብ ግድግዳ ሥር ያሉትን ያስቀድማሉ፤ ፀሐዩ ከግድግዳው እየተመለሰ አፈሩን ቶሎ ያደርቀዋልና። ሲጨርሱም ጎማውን ከቧንቧው ነቅለው ውኃውን አራግፈው ይሄዳሉ፤ ተሰክቶ ቢያድር ውስጡ የቀረው ውኃ ረግቶ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሊያፈነዳው እንደሚችል ደጋግመው ነግረውኛል።

ጉዝጓዝንም በተመለከተ የማውቀውን ሁሉ አስረስተውኛል። እኔ ተክሉን እንደ ጋቢ የሚያሞቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሥራው የቀዘቀዘው መሬት እንደ ቀዘቀዘ እንዲቆይ ማድረግ ነው። እዚህ አገር በጃንዋሪ አንድ ሳምንት ሹራብ አስወልቆ በሚቀጥለው ያንቀጠቅጣል፤ አፈሩ በቀለጠና በረጋ ቁጥር እየተነፋ፣ ገና ያልጠለቀውን አዲስ ሥር ወደ ላይ ገፍቶ ለነፋስ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ጋሼ በኦክቶበር ጉዝጓዝ አያነጥፉም፤ መሬቱ ጠጠር እስኪል፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ታንክስጊቪንግ አካባቢ ጠብቀው፣ የደቀቀ ቅጠል ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ያህል ያለብሱታል፤ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበትን ቦታ ግን ክፍት ይተዋሉ። እርጥበት ታቅፎ ማደር ላቬንደርን ስለሚያበሰብሰው በእርሱ ዙሪያ የሚያደርጉት ጠጠር ነው።

የደረቀውን አገዳ አለማጨዳቸው መጀመሪያ ላይ አሳፍሮኝ ነበር። ደጅ ጠርጎ ማደር የለመደ ሰው ያን ሁሉ ጭራሮ ለጎረቤት ማሳየት ይከብደዋል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ለመንኋቸው፣ እርሳቸው ግን አልሰሙኝም። አገዳው የሚነፍሰውን በረዶ አስቀርቶ ለሥሩ ያለብሰዋል፤ ኢኪናሺያ የተባለውን አበባ ፍሬ ትናንሽ ቢጫ ወፎች ሲለቅሙት ከረሙ። የሚታጨደው ኤፕሪል ላይ ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣው በእኔ ደጅ ፒዮኒ የሚባለው አበባ ብቻ ሲሆን፣ ቅጠሉ የሻጋታ በሽታ ስለሚያሳድር በመኸር ተቆርጦ ከግቢ ይወጣል።

ጽጌረዳውን በመኸር አይገርዙትም፤ ከሌላ ሥር ጋር የተዳቀለበት ቋጠሮ እስኪሸፈን እስከ አንድ ጫማ የሚደርስ አፈር ይቆልሉበታል። ዳሊያ የሚባለው አበባ ይህን ብርድ ጨርሶ ስለማይችል የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ካጠቆረው በኋላ ቆፍረው አውጥተው፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ቀብረው ጋራዥ ያስቀምጡልኛል። ማዳበሪያም ከኦገስት አጋማሽ በኋላ እንዳልነካ ከልክለውኛል፤ ለጋ ቅርንጫፍ አብቅሎ ለውርጭ መስጠት ነው ይላሉ።

በሁለቱ ዊንተሮች የጠፋብኝ አንድ ፔንስተሞን የሚባል አበባ ብቻ ነው፤ እርሱንም የገደለው በረዶ ለማቅለጥ በመኪና መንገዱ ላይ ጨው የበተንሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ቀጠሮ አያከብሩም፤ ማክሰኞ ብለው ሐሙስ የመጡበት ጊዜ አለ፣ ምክንያታቸው ግን ሁልጊዜ የአየሩ ሁኔታ ነው። ሳር አያጭዱም፣ በረዶም አይጠርጉም፤ ያንን የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ። የሚይዙት ቤት ጥቂት ስለሆነ ሴፕቴምበር ሳያልቅ ብታነጋግሯቸው ይሻላል፤ በግል ለሚጽፍልኝ ሰው እርሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ሲመጡ የውኃ ጎማችሁ ከጋራዥ ወጥቶ ይጠብቃቸው፤ የእኔን ሲፈልጉ የዚያን ቀን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ማለፉን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።