የሞተር መሪ ከፍ ለማድረግ፦ ራይዘር ወይስ ረጅም መሪ?

ቦክሰር ሞተር የሚነዱ ጓደኞቼ ወገባቸውን ይዘው ይመጡና ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። መሪውን ከፍ ላድርገው፤ ግን ራይዘር (በማሰሪያውና በመሪው መሃል ገብቶ መሪውን ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ) ልግዛ ወይስ መሪውን ልቀይር? መልሴን ሳልደብቅ ልናገር፦ ራይዘር። ቁመታችሁ ከሰው ሁሉ ካልተለየ በቀር ረጅም መሪ ወጪ ጠሪ ነው።

ከሁለቱም በፊት ነፃውን ሞክሩ። የመሪውን ማሰሪያ ቡሎኖች ላላ አድርጋችሁ መሪውን ትንሽ ወደ ራሳችሁ አዙሩና መልሳችሁ እሰሩት። አንዳንዱ ሰው በዚሁ ይገላገላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሰሞኑን መርካቶ ዞር ዞር ስል ደህና የሚባለው ጥንድ ራይዘር ከ1,200 እስከ 2,000 ብር ተጠርቶልኛል። ረጅሙ መሪ ደግሞ 2,500። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ጉዱ የሚመጣው መሪው ከታሰረ በኋላ ነው። አምስት ስድስት ሴንቲ ከፍ ሲል የፍሪሲዮን ካቦ አይደርስም፣ የነዳጁም አይደርስም። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ቱቦውም ይቀየራል፤ ዘይት ይሞላል፣ አየር ይወጣል፣ የእጅ ዋጋ ይከፈላል። ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ በድሮው መሪ ላይ ሰዊቹ የሚቆነጠጥባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። አዲሱ ላይ የለችም። ካላስበሳችሁት ሰዊቹ እጃችሁ ላይ ይሽከረከራል። ሁሉንም ስትደምሩት 2,500 የተባለው እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሴንቲ ተኩል የሚያነሳ ራይዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ በነበረው ካቦ ይሠራል።

ራይዘር ስል ታዲያ ያገኛችሁትን ሁሉ አይደለም። ፎርጅዱ ገበያውን ሞልቶታል። አንድ ወዳጄ 600 ብር ስለተባለ ብቻ ገዛ። ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ሰነበተና መሪው በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይሸሽበት ጀመር። ስንፈታው ቡሎኑ የአልሙኒየሙን ጥርስ ጠርጎ፣ ጥርሱ መሃል ብርማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ሱቁ «የተሸጠ አይመለስም» አለው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ አገላብጡት። ጎኑ ላይ የቅርጽ ማውጫ መስመር ካለ፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥም እንደ አሸዋ ሻካራ ከሆነ በወጉ ያልተሠራ ነው። የቡሎኑ አናት ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ፈልጉ። ውፍረቱ 8 ሚሊ ከሆነ ቢያንስ 12 ሚሊ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። መሪው 22 ሚሊ ነው፤ የራይዘሩ ሆድም ያንኑ ክብ ይዞ ማሰሪያው ላይ ገጥሞ መቀመጥ አለበት።

ቶርኖ ቤት ማሠራትስ? የታችኛው ማሰሪያ ከሥር በዳዶ የሚታሰር ከሆነ እሺ። ክብ ቁራጭ ከሥሩ ይገባል፣ ቡሎኑ በረዘመ ይተካል። ማሰሪያው ከላይኛው ብረት ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ግን ክቡ ቁራጭ መቀመጫ የለውም፤ ይወላገዳል። መሪውን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘሙንማ ስሙንም አታንሱብኝ። መሪው ግራና ቀኝ ለየብቻ የታሰረ ፑልሳር ያላችሁም ብራችሁን ያዙ፤ ይሄ ራይዘር አይገባለትም።

ታስሮ ሲያልቅ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን አስነሱ። ነዳጅ ሳትሰጡ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዙሩት። ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጁ ካቦ ተወጥሯል፤ መታጠፊያ ላይ ሳትነኩት ይፈተለካል። መካኒኩ እዚያው ፈትቶ ያስተካክለው።