«ለምን ገደለቻት?» የሚያስብለው መጽሐፍ

መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ለብቻዬ መቻል አቃተኝ። ሌሎች አንባቢዎች ምን እንዳሉበት ፍለጋ ገባሁ። አንብበውታል ብዬ የጠረጠርኳቸውን ሰዎችም አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱ «በልጅነቴ ካነበብኩት ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም» ይላል። ሌላው «ለልጅ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል!» ብሎ ይቆጣል። ይበልጥ የገረሙኝ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሉት ናቸው። ይወዱታል፣ አይረሱትም፣ ደራሲዋን ግን እስካሁን ይቅር አላሏትም። እኔም ከነሱ ወገን ነበርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው ሐሳቤ የተቀየረው።

መጽሐፉ የካትሪን ፓተርሰን «ብሪጅ ቱ ቴራቢትያ» ነው። ወደ ቴራቢትያ የሚያሻግረው ድልድይ እንበለው። የታተመው በ1977 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዓመቱ በ1978 ደግሞ በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን ታዋቂ ሽልማት፣ የኒውበሪ ሜዳሊያን አገኘ። ትልቅ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፤ 13 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ታሪኩ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ነው። ጄስ አሮንስ የ10 ዓመት ልጅ ነው፣ በአራት እህቶች መሀል ያለ አንድ ወንድ። ቤታቸው ገንዘብ የለም። ላም ያልባል፣ ሥራ ያግዛል፣ በጠዋት እየተነሳ ደግሞ ሩጫ ይለማመዳል፤ 5ኛ ክፍል ሲገባ ከሁሉም ፈጣኑ መሆን ይፈልጋል። ሥዕል ነፍሱ ነው፣ አባቱ ግን ይሄ ነገሩ ደስ አይለውም። ከዚያ ጎረቤት አዲስ ቤተሰብ ይገባል። ሌስሊ በርክ የምትባለዋ ልጅ ወላጆቿ ደራሲዎች ናቸው፣ ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም። ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ወንዶቹ ሲወዳደሩ እሷም ገብታ ሁሉንም ቀደመቻቸው። ጄስ ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ነገር በአንድ ቀን ውሃ በላው። ጓደኝነታቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደረቅ ጅረት ላይ በተንጠለጠለ ገመድ እየተወዛወዙ ይሻገሩና ጫካ ውስጥ ቴራቢትያ የሚባል መንግሥት ያቋቁማሉ። እሱ ንጉሥ፣ እሷ ንግሥት።

ከዚህ በኋላ የምለው መጨረሻውን ያወጣል። ሳታውቁ ማንበብ የምትፈልጉ እዚህ ላይ ተዉትና መጽሐፉን አንብባችሁ ተመለሱ።

ሌስሊ ትሞታለች። ዝናቡ ለቀናት ሲወርድ ጅረቱ ሞልቷል፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ ጄስ በቦታው የለም። ይሄ የሆነበት ምዕራፍ 10 ነው፣ ርዕሱም «ፍጹሙ ቀን» ነው። ለጄስ እውነትም እንደዚያ ነበር። የሙዚቃ አስተማሪው ሚስ ኤድመንድስ ዋሽንግተን ወስዳው ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሥዕል ሲያይ ነው የዋለው። ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። መርዶውን የምታረዳው ታላቅ እህቱ ብሬንዳ ናት። ኩርፊያ በተሞላ ድምፅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። አለቀ።

አንባቢው የሚናደደው እዚህ ጋ ነው። «ምንም ሳታዘጋጀን!» ይላል። ሌስሊ ስትወድቅ አናይም፣ አንሰናበታትም፣ የመጨረሻ ቃል የላትም። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ክው ብዬ ቀርቼ ወደ ኋላ ገጾቹን እያገላበጥኩ ያለፈኝ ነገር እንዳለ ፈልጌያለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ፍርሃቱ ከምዕራፍ 9 ጀምሮ እዚያው ነበር። ውሃው በየቀኑ ከፍ ይላል። የሚፈራው ግን ጄስ ነው፣ የሚፈራውም ለራሱ ነው። ሌስሊ ስትሻገር ምንም አይመስላትም፣ እሱ በፍርሃቱ ያፍራል፣ አልሻገርም ልበላት ወይስ ዝም ልበል እያለ ማታ አልጋው ላይ ይገላበጣል። እኛም ከሱ ጋር ሆነን ለሱ እንሰጋለን። እሷን ማን ጠረጠረ? ጎበዟ እሷ፣ ደፋሯ እሷ። ደራሲዋ ሳታዘጋጀን አልቀረችም፣ ዓይናችን ሌላ ቦታ እያየ ነው የደረሰብን። ንዴታችን የማን ንዴት እንደሆነም ያኔ ነው የገባኝ፤ የጄስ ነው። እሱም አልተሰናበታትም።

መጽሐፉን ስለ ሞት የሚያወራ ብቻ አድርገው የሚያነቡት ሰዎች የሚያልፋቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ይመስሉኛል። ለእኔ ዋናው መጽሐፍ እነሱ ናቸው።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። በማግስቱ ጠዋት እናቱ ፓንኬክ ጋግራ ታቀርብለታለች። ጄስ ይበላል። ሽሮፕ አፍስሶበት፣ እያጣጣመ። ብሬንዳ ይሄን አይታ ምንም እንዳልመሰለው ትነግረዋለች። እሱ ምን እያለች እንደሆነ እንኳ አይገባውም። ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ «ልጁ ምን ነካው?» ይላል። የነካውማ ነገሩ ገና ጆሮው ጋ እንጂ ውስጡ አለመግባቱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የባሰ ነገር ያስባል፦ በእድሜው ጓደኛው የሞተበት ሌላ ልጅ ስለሌለ ትምህርት ቤት ሲሄድ ትልቅ ቦታ እንደሚሰጡት። ይሄን የጻፈች ሴት ልጆችን ታውቃለች። ሐዘን ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያሳፍር ሐሳብ ብልጭ የማይልበት ሰው የለም፤ ግን ለልጅ በሚጻፍ መጽሐፍ ውስጥ አውጥቶ የሚያስቀምጠው ስንቱ ነው?

ከዚያ ትንሿ እህቱ ሜይ ቤል ሬሳውን አይተህ ነበር ወይ ስትለው ፊቷን ይመታታል። ሌስሊ ለገና የሰጠችውን የውሃ ቀለም ይዞ ሮጦ ጅረቱ ውስጥ ይወረውረዋል። የሚከተለው አባቱ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ጄስ አባቱ ትንንሾቹን እህቶቹን አቅፎ ሲስም እያየ እሱ ገና ከተወለደ ጀምሮ ለዚህ ትልቅ ነው እንደተባለ የሚያስብበት ቦታ አለ፣ በሁለት መስመር የሚያልፍ። እዚህ ጋ አባትየው ልጁን እግሩ ላይ አስቀምጦ ያቅፈዋል። እኔ ለሌስሊ አላለቀስኩም፣ ደንግጬ ስለነበር እንባው አልመጣም። ያለቀስኩት እዚህ ነው፣ ስቅስቅ ብዬ።

ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፣ 11 ዓመቷ ነው። ምዕራፍ 10 ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ሶፋው ላይ ወርውራ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ በጣም ደነገጥኩ፤ እናቷ ምን ትለኛለች ብዬም ፈራሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ «አክስቴ፣ ውሻውስ? ማን ጋ ቀረ?» አለችኝ። ጄስ ለሌስሊ የሰጣትን ቡችላ ማለቷ ነው፣ ልዑል ቴሪየንን። «አንብቢና እይው» አልኳት። አነበበች። ውሻው ከሌስሊ ወላጆች ጋር እንደሚሄድ ስታውቅ ትንሽ አሰበችና «ይሻላል፣ እነሱም ምንም አልቀራቸውም» አለች። ይሄን ያለችው «ለልጅ አይሆንም» የሚባልላት ልጅ ናት።

ከወላጆች የሚመጣው ቅሬታ በርግጥ ሞቱ ላይ ብቻ አይቆምም። በአሜሪካ በ1990ዎቹ ከቤተ መጻሕፍትና ከትምህርት ቤት ይውጡልን ተብለው በብዛት ከተጠየቀባቸው መጻሕፍት አንዱ ይሄ ነው። ምክንያቱ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት የስድብ ቃልና የእግዜር ስም በከንቱ መጠራቱ፣ ምናባዊው መንግሥት ከጥንቆላ ጋር መያያዙ፣ ሞቱም ሲጨመር ነው። ቃላቱን በተመለከተ የወላጆቹ ስጋት ይገባኛል፣ በኔ ሚዛን ግን ጥቂት ናቸው፤ የገጠር ሰው በሚናገርበት አፍ ነው የተጻፉት። የእምነቱን ጉዳይ ግን በደንብ ያነበቡት አይመስለኝም። ጄስ ለአባቱ የሚያቀርብለት ከባድ ጥያቄ ሌስሊ ሲኦል ገብታ ይሆን ወይ የሚል ነው። አባትየው ሊቅ አይደለም፣ የሚመልስለት ግን እግዜር ትንሽ ልጅ ሲኦል እንደማይልክ ነው። ሃይማኖት የሚያጣጥል መጽሐፍ እንዲህ ያለ ቦታ አይኖረውም።

ደራሲዋ ሞትን የጻፈችው አንባቢን ለማስለቀስ ብላ ነው የሚሉ አሉ። ይሄ ከሁሉም ያበሳጨኛል። በ1974 ልጇ ዴቪድ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ የቅርብ ጓደኛው በመብረቅ ተመትታ ሞታለች። በዚያው ዓመት ደራሲዋ ራሷ ካንሰር ታማ ነበር። መጽሐፉን የጻፈችው ለልጇ ነው። የመታሰቢያ ገጹ ላይም የሟቿ ልጅ ስም አብሮ እንዲገባ የጠየቀው ራሱ ዴቪድ ነው። በኋላም በ2007 ፊልም ሲሠራ ከጽሑፉ አዘጋጆች አንዱ እሱ ሆኗል። (ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ብቻ፦ ማስታወቂያው የተረት ጀብዱ አስመስሎት ስለነበር ልጆች ይዘው የገቡ ብዙ ሰዎች ተናደዋል። መጽሐፉ ውስጥ ግዙፍ ፍጡር የለም፣ ሁሉም በሁለት ልጆች አእምሮ ውስጥ ነው። መጽሐፉን አስቀድሙ።)

አንድ ቅሬታ ግን አለ መልስ ያጣሁለት። ሌስሊ እጅግ ፍጹም ናት። ትሮጣለች፣ ትጽፋለች፣ አትፈራም፣ ስታሠቃያት ለኖረችው ለጃኒስ ኤቨሪም ሽንት ቤት ውስጥ ስታለቅስ አዝና ታጽናናታለች። ከዚያ ትሞታለች፣ ልጁ ይለወጣል። «ወንዱ እንዲያድግ ሴቷ መሞት አለባት ወይ?» የሚሉ አንባቢዎች አሉ፣ እውነት አላቸው። ሌስሊ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ አንድም ገጽ የለንም። ብሬንዳና ኤሊም ከመነጫነጭ በቀር ሥራ የላቸውም፣ በአንድ ቤት አራት እህት ተፈጥሮ ሰው የሆነችው ሜይ ቤል ብቻ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎችም ያንቀራፍፋሉ፤ ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ይሰለቻል፣ ትንሽ ግፉት።

ሚስ ኤድመንድስ ጋ ደግሞ ትንሽ ልመለስ። ጄስን የሚበላው ሞቱ ብቻ አይደለም። ሌስሊም ትምጣ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፣ አልጠየቀም፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ትዝ ሲለውም አስተማሪውን ለብቻው በማግኘቱ ደስ ብሎታል። ይሄን ጸጸት ማንም መጥቶ አያነሳለትም። የክፍል አስተማሪው ሚስስ ማየርስ፣ ልጆቹ ሁሉ የሚፈሯት ሴት፣ ኮሪደር ላይ አውጥታ ባሏ ሲሞት ሰው ሁሉ እርሺው እንዳላትና እሷ ግን መርሳት እንዳልፈለገች ስትነግረው ብቻ ጥቂት ይተነፍሳል። ከዚያ እንጨት ይዞ ሄዶ ጅረቱ ላይ ድልድይ ይሠራል። ሜይ ቤልን እጇን ይዞ ያሻግራታል።

ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን አትስጡት፣ አብራችሁ አንብቡት። እናንተም አስቀድማችሁ ጨርሱት፣ ልጁ ሲጠይቃችሁ እንዳትደነግጡ። ደግሞ ምዕራፍ 10ን ማታ አታስጀምሩ። በጠዋት ጀምሩት፣ 13ን እስክትጨርሱ የሚበቃ ሰዓት ይኑራችሁ።