እህታችን፣ እግዜር ይስጥሽ፦ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ፋርማሲስት

ይህ ምስጋና በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መስኮት ላይ ለምትሠራው ፋርማሲስት ነው። ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም፤ ሥራዋ ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም።

"ድካም አልለቅ ብሎኛል፣ የደም ማነስ ኪኒን ስጪኝ" ለሚላት ሰው መጀመሪያ የምትጠይቀው የላቦራቶሪ ውጤቱን ነው። ከሌለው ወደ ሐኪም ትመራዋለች። ልክ ናት። የማይለቅ ድካም ከስኳር፣ ከታይሮይድ፣ ከእንቅልፍ እጦትም ይመጣል፤ ደም ማነስ ሁሉ ደግሞ የብረት እጥረት አይደለም። ሄሞግሎቢን (በቀይ ደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ብቻውን አይበቃም። የቀይ ደም ሴሉ መጠን (ኤምሲቪ) ከ80 በታች መውረዱና ፌሪቲን (የብረት ክምችቱን የሚያሳየው ምርመራ) ከ15 ማነሱ ነው ወደ ብረት የሚጠቁመው። ኢንፌክሽን ካለ ግን ፌሪቲን ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ያታልላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ በቆላ ለሴት ደህና የሚባለው 12 (ግራም በዴሲሊትር) እዚህ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

የብረት ኪኒን ከታዘዘ በፖስታው ጀርባ ላይ የቡና ስኒ ትሥልና በእስክሪብቶ ትሰርዘዋለች። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ይገባቸዋል። ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ ጠዋት ሻይ፣ ከምሳ በላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚጠጣ ሰው ኪኒኑ የሚገባበት ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ቢገኝ ከብርቱካን ጋር ይዋጣል፤ ቁርሱና ሻዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ወተት፣ ካልሲየምና የጨጓራ መድኃኒትም ያግዱታል። ሆድ ከታወከ እህል ቀምሶ መዋጥ ከማቆም ይሻላል።

300 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት (የብረት ኪኒኑ) ውስጥ ንጹሕ ብረቱ 60 ሚሊ ግራም ነው። ቶሎ ይሻለኝ ብሎ መደረብ ብዙ አይጠቅምም፤ አንዴ ከተወሰደ ሰውነት ለአንድ ቀን ያህል በሩን ጠበብ ያደርጋል። ለዚህም ነው ለአንዳንዱ ሰው ቀን እየዘለለ የሚታዘዘው። ለነፍሰ ጡር ግን በየቀኑ ነው። "ጤፍ ብረት አለው" ይባላል፤ አለው፣ ግን አብሮት ያለው ፋይቴት የሚባል የእህል ንጥረ ነገር አብዛኛውን ይይዝበታል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል እንጂ እጥረት አንዴ ከገባ በእንጀራ ብቻ አይመለስም።

ሰገራ መጥቆሩ ከኪኒኑ ነውና አያስደንግጥ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ የሚሸት ከሆነ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ኪኒኑ ለሕፃን መርዝ ነው፤ ከረሜላ ይመስለዋልና ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሻለው ማቆሙ ነው። በደንብ ከተወሰደ ሄሞግሎቢን በአንድ ወር 2 ያህል ይጨምራል፤ ደህና ከሆነ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ 3 ወር ይቀጠላል። ካልጨመረ የሚፈስ ደም አለ ማለት ሊሆን ይችላል፦ የወር አበባ መብዛት፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ቁስለት። በወንድና ባረጠች ሴት ላይማ ምንጩ ሳይፈለግ ኪኒን ብቻ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው። እሷ ይህን አይታ ስንቱን ወደ ሐኪም መልሳለች።

ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የላቦራቶሪ ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፤ አንድ በአንድ ታየዋለች።